የቁም መርዶ

«አንድ ጉርሻ ብቻ፣ በሞቴ! እንቢ ካልሽ ትሩፋት ሞተች በይ!»

የሺሀረግ አፏን ከፈተች። የወንድሟ ሚስት ትሩፋት በቅቤ የራሰ ፍትፍት አጎረሰቻትና ወዲያው ሌላ ጠቀለለች። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ትሩፋት በዚህ ሰዓት እንኳን ለፍትፍት ለሻይም ተነስታ አታውቅም።

የሺሀረግ አላመጠች እንጂ አልዋጠችም። ዓይኗ አግዳሚው ላይ ነበር። ወንድሟ ሰራዊት ጫማውን እያየ ተቀምጧል። ከጎኑ የእድሩ ዳኛ ጋሽ የሻው አሉ፤ እሷ ከምትኖርበት የሰፈራ መንደር እስከዚህ እስከ ሰራዊት ቤት አሶሳ፣ ሌሊቱን ሰው ተልኮባቸው፣ በዚያ እርጅናቸው ሞተር ሳይክል ተፈናጠው መጥተዋል። በሩ አጠገብ ገበያ ላይ አብራት ማንጎ የምትሸጠው ዐርዋ ቆማለች። ማንም ማንንም አያይም።

የወሎ ሰፋሪ ልጅ ናት፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አሳምራ ታውቃለች፤ ራሷም ስንቱን አርድታለች። በማለዳ ይመጣል። ባዶ ሆድ መርዶ አይችልምና የሞተበት ሰው በግድ እህል ይቀምሳል። ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ግን ማን ሞተ? እናት አባቷ ካረፉ ቆዩ። ልጇን ማታ እዚሁ ወንድሟ ቤት ሆና በስልክ አነጋግራታለች። የምትጠብቀው ክፉ ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የብብቷ።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ላይ ከቀኝ ጡቷ እብጠቱን ሲያወጡላት፣ ዶክተሩ ብብቷ ውስጥ ካሉት ንፍፊቶች ሦስቱን ብቻ ነቅሶ ለምርመራ ልኮ ነበር። «ካንሰሩ ከጡት ከወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው» ብሏታል። «ንጹህ ከሆኑ የቀሩትን አንነካም። ከተገኘባቸው ግን ምናልባት ሁሉንም ማውጣት ይኖርብናል። ያኔ እጅሽ ሊያብጥ ይችላል።» እዚያው ሆስፒታል አንዲት ሴት እንደ ትራስ ያበጠ ክንዷን በሌላው እጇ አቅፋ ስትሄድ አይታ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀኝ እጇን እየዳበሰች ትባንናለች። የማንጎ ጆንያ የምትሸከምበት እጅ ነው። ዶክተሩ ውጤቱን በሰራዊት ስልክ ሊናገር ተስማምተው ነበር፤ የእሷ መንደር ኔትወርክ የለውም።

እንግዲህ ደውሏል ማለት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጋሽ የሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ሰው ሆኖ...»

«ይቆዩ እንጂ ጋሼ፣ ትብላ!» አለች ትሩፋት በሹክሹክታ።

የሺሀረግ ልብ ብላ ያየቻት ያን ጊዜ ነው። ትሩፋት ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ የለቅሶ አድርጋ ለብሳዋለች። ለኔ ነው፣ አለች በልቧ። ለኔ ነው የለበሰችው።

«ይሄ ሰው ምን ሆነ?» አለች ዐርዋ። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አማርኛዋን የተማረችው ገበያ ላይ ነው። «ለምን አይነግረውም? የታመመ የሺ ነው። ወላሂ፣ እኔ ቢሆን አሁን ንገረኝ እላለሁ!»

ሰራዊት ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ማታ ዶክተሩ ደወለ። ከሦስቱ አንዱ ላይ ተገኘ አለኝ፣ እህቴ። ተገኘ...»

«ከዚያስ?»

«ምን ከዚያ አለው?»

«ስለ ቀሩት ምን አለ? ስለ እጄስ?»

ሰራዊት ሽማግሌውን አየ። «እኔ እንጃ... ተገኘ ሲለኝ ዓይኔ ጨለመ። ስልኩን ዘጋሁት።»

ልትቆጣው አቅም አልነበራትም። ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ደወለች። ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ እሷም ልትዘጋው ፈለገች። ወንድሟ የሸሸው ምን እንደሆነ ገባት።

«ሀሎ፣ ዶክተር፣ የሺሀረግ ነኝ።»

«ትናንት እኮ መስመሩ ተቋረጠብን» አለ ዶክተሩ። «አዎ፣ አንዷ ላይ ተገኝቷል፤ ግን በጣም ትንሽ ነው። ሁለቱ ንጹህ ናቸው። ስለዚህ የቀሩትን አናወጣም። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም፤ በጨረር እንይዘዋለን። ለሱ አዲስ አበባ መምጣት አለብሽ፤ ኪኒንም ትወስጃለሽ፣ ረጅም ነው። ትሰሚኛለሽ?»

«እጄስ፣ ዶክተር?»

«ጨርሶ አያብጥም ብዬ አልምልልሽም። ግን ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ቶሎ ነው የደረስንበት፣ አይዞሽ።»

ወሩን ሙሉ አንቆ የያዛት ፍርሃት በዓይኗ ወረደ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትከሻዋ እስኪናወጥ ተንሰቀሰቀች።

ትሩፋት ይህን አየች። «ወየው! ወየው እህቴን!» ብላ ደረቷን ደቃች። ሰራዊት ተነስቶ ግንባሩን ከግድግዳው አጋጨ። ጋሽ የሻው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች እየሮጡ ደረሱና ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ተቀበሉት፤ ወጉ እንዲያ ነው። ዐርዋም ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታነባለች።

«ቆዩ! ቆዩ እንጂ!» የሺሀረግ ባዶ እጇን አወናጨፈች። ማን ይስማት! ስሟን እየጠሩ፣ ደግነቷን እያነሱ ያለቅሱላታል። ለአፍታ እውነት መስሏት አግዳሚውን ያዘች።

«የሺሀረግ?» ዶክተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ማን ሞቶባችሁ ነው?»

በእንባ የራሰ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች።

«ማንም» አለች። «ማንም አልሞተም፣ ዶክተር።»

ድምጿ በለቅሶው ተውጦ ለራሷም አልተሰማትም።