የተሸናፊው ሽርጥ

ሬዲዮው «የወለድ ምጣኔው ባለበት ይቆያል» ሲል፣ ባልየው ሽርጡን ታጥቆ እጁን አረፋ ውስጥ ነክሮ ነበር። በቤታቸው ሳህን የሚያጥበው የመሥሪያ ቤቱ አክሲዮን የወረደበት ነው። ወለድ ይቀንሳል በሚል ወሬ ብቻ እሱ የሚሠራበት ባንክ ሳምንቱን ሙሉ ሲወርድ፣ ብድር ይረክስለታል የተባለው ሚስቱ የምትሠራበት የካልሲ ፋብሪካ ሲወጣ ሰንብቷል።

ሚስቱ ስልኳን አየች፤ ነገሩ ተገልብጧል። «በል ፍታው፣ ተራው የእኔ ነው።»

እሱ ግን ሽርጡን አልፈታም አለ። «እኔም ወርዶብኛል።»

«ምን ወርዶብህ? ባንክህ ይኸው ወጣ!»

«የባንኩን አክሲዮኔን ትናንት ሸጬ ያንቺን ፋብሪካ አክሲዮን ገዛሁ። ስለ ካልሲ ስታወሪ ማን ይችልሻል!»

ሳቋ አመለጣት። እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኑ ቆመች። «ጠጋ ይበሉ እንጂ ጌታዬ፤ የፋብሪካችን ባለቤት ብቻውን ሳህን ሲያጥብ ቆሜ ላየው ነው?»