እታፈራሁ የሚባል ማሽን

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ቢሮ ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩ። የሌሊቱ ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ ገና ይንጠባጠባል። ኮምፒውተሩ ላይ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። እየዞረች ቀረች።

በር ላይ ሁለት መኪና እሸት ቡና ቆሟል። እኛ ካልመዘገብን መፈልፈያው አይቀበልም፤ ቀዩ እሸት ደግሞ ፀሐይ ካገኘው እዚያው ጆንያ ውስጥ ይቦካል።

ሾፌሩ አባፎጊ በመስኮት አንገቱን አስገባ። «ልጄ፣ ኮምፒውተራችሁ ቁርሱን አልጨረሰም?»

«ኔትወርኩ ነው፣ አባባ።»

«ሲዘንብ ኔትወርክ፣ ፀሐይ ሲወጣም ኔትወርክ። ቡናው ይህን ማን ነግሮት ይጠብቅ?»

ከሚዛን ከተማ የመጣው ቴክኒሺያን ሙስዓብ ከጠረጴዛዬ ሥር ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «እትዬ ዲቦራ፣ ገመዱም ሰርቨሩም ደህና ናቸው። ሰው ሊገባ ሲል ግን ሰርቨሩ አስቀድሞ ሌላ ማሽን ይጠይቃል። ያ ማሽን ከመለሰለት ቶሎ ይከፍታል። ዝም ካለው ተስፋ እስኪቆርጥ ይጠብቃል።»

«ሌላ ማሽን የለንም።»

«አለ እንጂ፤ ስምም አለው።» ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና በላቲን ፊደል የተጻፈውን እየቆራረጠ አነበበ። «እ... ታ... ፈራሁ። እታፈራሁ ማናት? እዚህ ትሠራ ነበር?»

ላፕቶፑን ወደ ራሴ ስቤ ስሙን ደግሜ አነበብኩት።

ስሙን ያወጣችልኝ አማቴ ነበረች፤ በሠርጌ ማግስት፣ በአገሯ ደንብ። እሷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራኝ ባሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤት ውስጥ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ። የዚህን ቢሮ ኮምፒውተሮች የዘረጋው እሱ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«አላውቃትም» አልኩ።

ገመዱን ተከትለን ከቢሮዬ ጀርባ ያለው የጆንያ መጋዘን ገባን። ከባዶ ጆንያ ክምር ኋላ አቧራ የለበሰ ጥቁር ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ አንዲት አረንጓዴ መብራት በርታበታለች። ማራገቢያው ያጉረመርማል። ድምፁን አወቅሁት። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ስሠራ ስሰማው የኖርኩት ነው። የጎረቤት ፍሪጅ ይመስለኝ ነበር።

ሙስዓብ መዳፉን አስጠጋበት። «ይፋጃል። ሲግል ይፈዛል፣ ሲበርድ ይነቃል። አንዴ የሚሠራው አንዴ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንኳ ራሱ እንዲነሣ ተደርጓል። ያሰናዳው ሰው ጠንቃቃ ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም። ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰርቨሩ ከእንግዲህ እንዳይጠይቀው አደርጋለሁ። ላጥፋው?»

ከውጭ አባፎጊ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደገመው።

«ቆይ» አልኩ። «እኔ ላጥፋው።»

ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩት። መብራቷ ድርግም አለች። ማራገቢያው ጥቂት ዞሮ፣ እየከበደው ሄዶ ቆመ።

ሙስዓብ ሰርቨሩን አስተካክሎ ሲጨርስ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ስሜን ጻፍኩ። ጣቴን ሳላነሣ ተከፈተ። «ዲቦራ፣ እንኳን ደህና መጡ» ይላል። የአባፎጊን እሸት መመዝገብ ጀመርኩ።

ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ድምፁ የለም።