የአቶ ሽፈራው አምስት በሽታዎች

«ይኸው! ደግሞ አዲስ በሽታ ተወለደ» ይላል አቶ ሽፈራው፣ ሐኪሙ ተናግሮ ሳይጨርስ።

ልጁ ሄራን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለምርመራ ደረቷን የተቀባችውን ቀዝቃዛ ቅባት በሶፍት እየጠረገች ነው። ትናንት ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ታቦር ተራራን በሩጫ ስትወጣ ወድቃ ራሷን ስታለች። እሱ ቢጠየቅ መድኃኒቷ ቁርስ ነው። እናቷ እያለቀሰች አላስቀምጥ ስላለችው ብቻ አመጣት፤ ያውም በእግር። በእሱ ዓይን ለዚህች መንገድ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ወይ አራስ ነው ወይ ሰነፍ።

«አዲስ እንኳ አይደለም ጋሼ» ይላል ዶክተር ኢዮስያስ። «የልቧ ጡንቻ ወፍሯል። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወርድ ሕመም ነው።»

አቶ ሽፈራው ሐኪሙን ከጫማው እስከ ፀጉሩ ይለካዋል። ጢሙ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ የሰው ልብ በቴሌቪዥን አየሁ ይላል!

«ስማ ልጄ። በአባቴ ጊዜ በሽታ አምስት ነበር፤ ወባ፣ ምች፣ ቁርጥማት፣ ሳል፣ ተቅማጥ። በቃ! ሰው ከአምስቱ በአንዱ ይሞታል፣ ካልሆነም ይድናል። እናንተ መጣችሁና እንደ ጥንቸል አራባችሁት። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሱቅ ሲበዛ ዕቃ እንደሚበዛ አውቃለሁ።»

«አባዬ፣ ተው በናትህ» ትላለች ሄራን አቀርቅራ።

ሐኪሙ አይቆጣም። ይህ ደግሞ አቶ ሽፈራውን ይብስ ያናድደዋል።

«በእርግጥ አዲስ የሚመጣም አለ» ይላል ሐኪሙ። «ኮሮናን አይተናል። አብዛኛው ግን ድሮም ነበረ። ምች በሚባለው ጆንያ ውስጥ ስንቱ ታጭቆ ነበር መሰለዎት? መሣሪያ ሲመጣ ጆንያውን ፈታነው፤ እየለየን ስም ሰጠነው። ለመሆኑ ከቤተሰብ በድንገት የሞተ አለ?»

«በድንገት? እኛ ቤት ያለ ምክንያት የሚሞት ሰው የለም!» አቶ ሽፈራው ደረቱን ይነፋል። «አባቴን ምች መታው፤ በጠራራ ፀሐይ እህል ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ። ወንድሜን በርናባስን ሐይቁ ወሰደው፤ በቡሹሎ በኩል ሲዋኝ። እህቴ ብርቅዬ በድንጋጤ ሞተች፤ ሌባ ሲባል ሰምታ ሮጣ ስትወጣ በሯ ላይ ቀረች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ምክንያት። እስቲ ከዚህ ምን ትቀምማለህ?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

«አባትዎ ተሸክመው ሲወጡ» ይላል ቀስ ብሎ። «ወንድምዎ ሲዋኙ። እህትዎ ሲሮጡ። ሄራንም ስትሮጥ።»

ሄራን ቀና ብላ አባቷን ታያለች።

«አስከሬናቸው ስላልተመረመረ መማል አልችልም። ግን እኔ በሽታ እየጨመርኩብዎ አይደለም ጋሼ። ከሦስቱ ምክንያት ሁለቱን እየቀነስኩልዎ ነው።»

አቶ ሽፈራው ሊስቅ አፉን ይከፍታል። ሳቁ አይመጣለትም። በበርናባስ ለቅሶ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ «እሱን የመሰለ ዋናተኛ እንዴት ሰመጠ?» ብሎ ነበር። አቶ ሽፈራው ደንቆሮ ብሎ ሰድቦ ከድንኳኑ አስወጥቶታል። ጥያቄው ግን ይኸው እዚህ ቁጭ ብሏል።

«መድኃኒት ትጀምራለች፤ ሩጫውን ታቆማለች፤ በየጊዜው እናያታለን። ከተጠነቀቀች ረጅም ዕድሜ መኖር ትችላለች» ይላል ሐኪሙ። «እርስዎም ይታዩ። ከእርስዎ ወገን የመጣ ይመስላል።»

«እኔ እንደ በሬ ነኝ» ይላል አቶ ሽፈራው። ድምፁ ግን የበሬ አይደለም።

ሄራን እንደ ልማዷ ቀድማው ወጥታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወርዳለች።

«ቀስ በይ!»

ጩኸቱ አስደንግጧት ባለችበት ትቆማለች። እሱም በመጮኹ ይደነግጣል፤ ድንጋጤም ገዳይ መሆኑን ከብርቅዬ ወዲህ ሲያወራ ኖሯል። ሮጦ ደርሶ ክንዷን ይይዛል።

የቤታቸው ሰማያዊ በር ከዚህ ይታያል። አቶ ሽፈራው አስፋልቱ ዳር ቆሞ እጁን ያነሳል፤ ባጃጅ ይቆማል።

«ወዴት ነው አባት?»

በአገጩ ወደ ሰማያዊው በር ያሳያል። ሾፌሩ በሩን አይቶ፣ መልሶ እሱን ከጫማው እስከ ባርኔጣው ይለካዋል።

«ለዚህች?»

«ለዚህች» ይላል አቶ ሽፈራው፤ ልጁንም ደግፎ እንደ አራስ ያሳፍራታል።