ነጭ ከነጭ

ጥቁር የለበሰው ሰውዬ ያረጀ ፎቶ ለፎቶ ቤቱ ባለሙያ ሰጠው። ፎቶው ላይ ነጭ የለበሰ ሕፃን በነጭ ነጠላ በተሸፈነ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ለለቅሶው ነው። ልጁንና ነጠላውን ለይተህ በትልቁ አትምልኝ።»

«እግዜር ያጽናህ» አለ ባለሙያው፤ ሕፃኑ የሞተ መስሎት።

ነጭን ከነጭ መለየት ዓይን ያፈዛል። ኮምፒውተሩ ጠርዙን እየሳተ የሕፃኑን ጆሮ ቆረጠበት። ባለሙያው ፎቶውን አጠቆረና ጠርዙን በእጁ ይከተል ጀመር። የሕፃኑ ብብት ሥር ሲደርስ ጣቶች አየ። ከፍ ሲል በነጠላው ውስጥ አፍንጫና ግንባር ተለየለት።

«ይሄ እኮ ወንበር አይደለም። ነጠላ ተከናንቦ ልጁን የያዘ ሰው ነው። ላጥፋው?»

«ልጁን አጥፋው» አለ ሰውዬው። «ልጁ እኔ ነኝ። እናቴ ሌላ ፎቶ የላትም።»