ከጉድጓዱ የመጣው ምት

«ፓምፑን ትንሽ ቀንሱልኝ» አለች የሲግናል ባለሙያዋ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

አለቃው ስልኩን እንደያዘ አፈጠጠባት። «ውሃው እየሞላ ነው እኮ! ሰባት ሰው ታች አለ። ምን ነካሽ?»

«አይጠፋም። ፍጥነቱ ብቻ ይቀነስ፣ ለግማሽ ደቂቃ።»

የማዕድን ጉድጓዱ ከተደረመሰ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሁሉ በልቡ ቁርጡን አውቆ ሳለ፣ ከታች የሚመጣው የአደጋ መስመር ድንገት ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። በመጠለያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ ሰው ሲጫነው በሽቦው ላይ በሰከንድ ሺህ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ላይ ደግሞ ጢጥ ተብሎ ይሰማል። መልእክቱ አልነበብ አለ። «ሽቦው ተጎድቶ ነው» ተባለ። ያለው አንድ መሰርሰሪያ ወደ መጠለያው ዞረ፤ ጢጥታውም ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት ግቢ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ነው ለሰዉ ውሃ እንኳ በጉሮሮው የወረደለት።

እሷን ያስመጧት መልእክቱን እንድትፈታ ነበር። እሷ ግን አስቀድሜ የምቶቹን ሰዓት ልለካ አለች። ምት ሁልጊዜ በተቀጠረለት ቅጽበት አይደርስም፤ ጥቂት ይቀድማል፣ ጥቂት ይዘገያል። ይህን መዛነፍ በሙያዋ ጂተር ይሉታል። የታችኛው መሣሪያ ሰዓቱን የሚጠብቀው እንደ እጅ ሰዓት በክሪስታል ነውና መዛነፉ ኢምንት ነው፤ እንደተበተነ አሸዋ ያለ ሥርዓት ይረጫል። ሽቦው ቢጎዳ ብትንትኑ ይሰፋል እንጂ መልክ አይዝም። የለካቻቸው አሥር ሺህ ምቶች ግን መልክ ነበራቸው። ይቀድማሉ፣ ይዘገያሉ፣ ይቀድማሉ፣ ይዘገያሉ፤ በሰከንድ አርባ ስድስት ጊዜ።

ሦስቴ ለካች። ምነው መሣሪያዬ በተበላሸ ብላ ሌላ መሣሪያ አስመጣች። አርባ ስድስት።

ከጀርባዋ፣ ብረት ወንበር ላይ፣ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሠርተዋል፤ አሁን ሁለት ልጆቻቸው ታች ናቸው። አለቃው ሊያስወጣቸው ሞክሮ አልተሳካለትም።

«ይኼ የትንሹ እጅ ነው» ይላሉ፣ ጢጥታው በተሰማ ቁጥር። «ቁልፍ ካገኘ መቼ ይለቃል! የቤታችንን ደወል ሁለቴ አቃጥሎብኛል።»

አለቃው በስልኩ አዘዘ። ከውጭ ይሰማ የነበረው የፓምፑ ጉርምርምታ ዝቅ አለ። በስክሪኑ ላይ ያለው የምቶቹ ውዝዋዜም አብሮት ተጎተተ፤ አርባ አምስት፣ አርባ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት።

«ይበቃል፤ መልሱት» አለች። አለቃውን ወደ ጥግ ልትጠራው ብድግ ስትል አዛውንቱ ቀደሟት።

«እዚሁ ተናገሪው፣ ልጄ። ጨለማ ለእኔ ብርቅ አይደለም።»

ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «አባባ፣ ይኼ ምት ከቁልፉ አይደለም የሚመጣው። ትናንት አዲሱን ፓምፕ ሲያስገቡ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከአደጋው ሽቦ ጎን ለጎን ዘርግተውታል። የምንሰማው ከፓምፑ ገመድ ወደ ሽቦው የሚሾልከውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ነው። ስንቀንሰው ውዝዋዜውም አብሮ ቀነሰ።»

«እና ልጆቹ?»

«እነሱ አይደሉም የላኩት።»

አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ሁሉ ሰው ይቺን ድምፅ ይዞ አይደል የቆመው? ዝም ብንል ምን ይጎድላል?»

«መሰርሰሪያው አንድ ነው» አለች። «በዚህ ድምፅ ተመርቶ ነው የሚሄደው። መጠለያው ውስጥ ሰው መኖሩን የሚነግረን ሌላ ነገር የለም።»

«ታዲያ ወዴት ላዙረው? አንቺው ንገሪኛ!»

እሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«አጥፉትና ልስማው» አሉ አዛውንቱ። «አንድ ደቂቃ።»

«አባባ፣ ውሃው እኮ...» አለ አለቃው።

«አንድ ደቂቃ አልኩህ!»

ፓምፑ ጠፋ፤ ጢጥታውም አብሮት ቀጥ አለ። በስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ተዘረጋ። ግቢው ረጭ አለ። አዛውንቱ ተነሥተው ወደ መሣሪያው ተጠጉ፤ ቆባቸውንም አወለቁ። እሷ የሚሆነውን ታውቀዋለች፤ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ሽቦው የቱንም ያህል ቢጎዳ፣ እውነተኛዋ ምት አንዴ ብቻ ብትመጣ ትለያት ነበር። ዓይኗ እስኪያቃጥላት አፈጠጠች። ሃምሳ ሰከንድ። ስልሳ። አለቃው ሰዓቱን አየ። ሰባ። ሰማንያ።

«አብሩት» አሉ ራሳቸው አዛውንቱ። «በሕይወት ያለ ቢኖር፣ ውሃው እንዳይቀድመን።»

ጉርምርምታው ተመለሰ። ጢጥ። ጢጥ። ግቢው በጭብጨባ ፈነዳ፤ «አሉ! አሉ!» የሚል ጩኸት በመስኮቱ ገባ።

አለቃው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እሷ ወደ በሩ ሄደች፤ አዛውንቱ ክንዷን ያዙ።

«አንቺ ተይው። ካንቺ አፍ ከሰሙት ዕድሜ ልካቸውን አንቺን ነው የሚጠሉት። እኔ የእነሱው ነኝ።»

የኮታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆልፈው ወጡ።

በመስኮቱ አየቻቸው። ሰዉ እያጨበጨበ መንገድ ከፈተላቸው። ከፊት የቆመች ወጣት ሴት ቀና ብላ ፊታቸውን አየች፤ እጆቿ ሳይገናኙ አየር ላይ ቀሩ። ቀጥሎ አጠገቧ ያለው ሰውዬ። ከዚያ ከኋላው ያሉት። ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ፤ ከአጥሩ ጥግ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ምንም ያልታያቸው ጥቂቶች ብቻ ገና እያጨበጨቡ ነበር።