አምስተኛ ፎቅ

ከውጭ አገር ተምሮ እንደተመለሰ፣ ከአከራይ ወደ አከራይ ስትንከራተት ለኖረችው እናቱ ኮንዶሚኒየም ገዛላት። ቤቱ በርም ወለልም ስላልነበረው ለማስጨረሻ መኪናውን ሸጠ። ካርታው በስሟ ወጥቶ በድንገት እስኪያስደስታት ድረስ ግን "ኪራይ ነው" አላት። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አምስተኛ ፎቅ አወጧት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶም ቀረባት።

ካርታው የወጣ ዕለት እየሮጠ ሲገባ እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ ይሄንንስ ቤት መቼ ነው የምንለቀው?"

"ምን መልቀቅ አለ! የራስሽ ነው እኮ እማዬ! ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣሽም።"

እልልታዋን ጠበቀ። እናቱ ቀስ ብላ ተነሣችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።