የጥያቄ ወረቀት

ሐኪሞቹ አነፍናፊው ይሉታል። የሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። የሆስፒታሉን የጥናት ጽሑፎች የመረጃ ቋት ከባዶ ተነሥቶ የሠራው እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል። ሌላ ቦታ አንድ ነገር ሲፈልጉ ሺህ ጽሑፍ ይዘረገፋል። ከእሱ ቋት ግን ሦስት ቃል ከጻፉ የፈለጉት ጽሑፍ እጅ እግሩን ታስሮ ይመጣል።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ይመጣል። የአነፍናፊው ሚዜ የነበረ ሰው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጽሑፍ እንዲፈለግለት የጠየቀው ስለ አንድ በሽታ ብቻ ነው፤ ሰውነትን ቀስ በቀስ አስሮ ኋላ እጅን ስለሚያንቀጠቅጥ በሽታ።

በቤተ መጻሕፍቱ ደንብ፣ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄው በወረቀት ይሰፍራል።

«አንተው ጻፍልኝ» ይላል ሐኪሙ። «የኔን ጽሑፍ እንኳን አንተ መድኃኒት ቤትም አያነበው።»

አነፍናፊው እየሳቀ ይጽፋል። ፍለጋው ሲያልቅ ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጥያቄ የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ይሞላ ነበር። አሁን ያንኑ የሚያህል ጥያቄ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

«ቁጠባ ተምረሃል» አለው ሐኪሙ አንድ ቀን።

«የሆስፒታል ወረቀት ዝም ብሎ አይባክንም።»

«ዛሬ ‹መንቀጥቀጥ› የሚለውን ተወው። ‹ከመንቀጥቀጥ በፊት የሚታዩ ምልክቶች› ብለህ ፈልግ።»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አለ አነፍናፊው። ለቀልድ ነበር። ሐኪሙ ግን አልሳቀም።

«እስቲ ያንን አሮጌ ጥራዝ ከወዲያኛው መደርደሪያ አምጣልኝ።»

«ቋቱ ውስጥ አለ እኮ።»

«ወረቀት ማገላበጥ ይሻለኛል።»

ሄዶ አመጣለት። ሐኪሙ ጥራዙን ሳይከፍተው ወጣ።

ያን ጊዜ አነፍናፊው ሐኪሙ አንድ ነገር እንደደበቀው ጠረጠረ። ዓምና አንድ ቀዶ ሐኪም እሱ ባነፈነፈለት ጽሑፍ ጥናት አሳትሞ ስሙን እንኳ አላነሣም። ችሎ ዝም አለ። ጡረታ ሊወጣ ግን ስድስት ወር ቀርቶታል። በአንዲት ጥናት ላይ እንኳ ስሙን ሳያይ መውጣት አልፈለገም።

ጠዋት ሚስቱ የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት ነገራት። አንተ እስክትጨርስ ቀኑ ይመሻል እያለች ይህን ልማድ ካደረገችው ቆይታለች።

«ሚዜህ ነው ብለሽ የምታከብሪው ሰው ልፋቴን ሊበላ ነው።»

«እሱ ላንተ ክፉ አያስብም።»

«አንቺ ደግሞ ጠበቃው ሆነሽ አረፍሽው።»

ቀና ሳትል የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈች።

ሐሙስ ሲደርስ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቀው።

«ጥናትህን ልታሳትም ነው አሉ።»

«ልኬዋለሁ።»

«ስሜ አለበት?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ በካፖርቱ ጫፍ ጠረገ። ንጹሕ ነበር።

«ያላንተ ጥናቱ አይኖርም ነበር። ስም ማስገባት ግን አይፈቀድም። ደንብ ነው።»

«ለኔ ሲሆን ደንብ።»

«ወንድሜ...»

«ወንድምህን ሌላ ቦታ ፈልግ» አለና ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረ።

ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ሐሙስ መምጣቱን ተወ። አነፍናፊውም ቋቱን አንድ ነገር አዘዘው፤ የሐኪሙ ስም ያለበት አዲስ ጽሑፍ ሲገባ እንዲያስታውቀው። በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት አስታወቀው።

ከፈተው። ከርእሱ ሥር የሐኪሙ ስም ብቻውን ተቀምጧል። እሺ ብሎ ወደ መጨረሻው ገጽ ወረደ፤ ምስጋና የሚሰፍረው እዚያ ነው። አንዲት መስመር አገኘ።

«ፈቃዷን ለሰጠችን ለታካሚው ባለቤት ምስጋናችን ይድረሳት።»

«ሳነፈንፍለት የኖርኩት እኔ» አለ ለራሱ፤ «ምስጋናው ለማላውቃት ሴት።»

ሊዘጋው ሲል ገጹ ወደ ላይ ሸሸበት። ሥዕል አለ። ከሥዕሉ በላይ «የታካሚው የእጅ ጽሑፍ፣ በአራት ዓመት ውስጥ እየደቀቀ ሲሄድ» ይላል።

ሥዕሉ ላይ ያሉት አራት የቤተ መጻሕፍት የጥያቄ ወረቀቶች ነበሩ፤ አራቱንም የጻፋቸው እሱ ነው።